የማኅበረሰብ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ፈቃድና የሞገድ መጠላለፍ ሥጋት፦ ከይፋት ቆላ አንጻር ሲታይ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከንጋት በፊት በአፋር ክልል አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ወረዳዎች አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በሬክተር መለኪያ ከ5.5 በላይ ሆኖ የተመዘገበው ይህ ንዝረት በእነዚያ ሳምንታት በተደጋጋሚ ከደረሱት አንዱ ሲሆን፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ከቀያቸው ተነስተው በሌላ ስፍራ እንዲጠለሉ ተደርጓል። እንዲህ ባለ ሌሊት በአቅራቢያው ቆላ የሚኖር ሰው ሊያውቅ የሚፈልገው ብዙ አይደለም፤ ንዝረቱ የት እንደተነሳ፣ ይደገም እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ማደር ይቻል እንደሆነ፣ ድልድዩና መንገዱ ደኅና መሆናቸውን ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ደግሞ ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል። ከአዲስ አበባ ለመላ ሀገሪቱ የሚተላለፍ ዜና ስለ አንዲት ወረዳ ድልድይ በዝርዝር ሊናገር አይችልም፤ ቢናገርም ተራው እስኪደርስ ወሬው ቀድሞ ከተማውን ይዞራል።

የይፋት ቆላ እንዲህ ያለውን ጊዜ ከአንዴም ሁለቴ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የበረሃ አንበጣ መንጋ በደረሰ ሰብል ላይ ሰፍሯል። በዚያው ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢያቸው የሰው ሕይወት አልፏል፣ ንብረት ወድሟል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ከተማ ዘልቋል። ክረምት በመጣ ቁጥርም ከደጋው የሚወርደው ውኃ የሮቢን፣ የጀውሃንና የአጣዬን ወንዞች ሞልቶ ወደ ሜዳው ይገባል። እነዚህ ክስተቶች በባሕርያቸው የተለያዩ ቢሆኑም አንድ የሚያገናኛቸው ነገር አለ፤ በሁሉም ላይ ነዋሪው ፈጥኖ የሚደርስ፣ ስለ ራሱ ቀዬ የሚናገርና በሚገባው ቋንቋ የተነገረ መረጃ ያስፈልገው ነበር።

ለዚህ ክፍተት በብዙ ሀገራት ተግባራዊ የሆነው አንዱ መፍትሔ አነስተኛ ኃይል ያለው የማኅበረሰብ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ነው። በሀገራችንም አሠራሩ እንግዳ አይደለም። የጅማና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያዎች፣ በደቡቡ የሀገሪቱ ክፍልም የከምባታና የኮሬ ማኅበረሰብ ሬዲዮዎች በዚህ ረገድ በቀዳሚነት የሚጠቀሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ስለ አዳዲስ አነስተኛ ጣቢያዎች በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ ሥጋት አለ፤ ይኸውም የጣቢያዎቹ መብዛት ነባሮቹን ሞገዶች ይረብሻል የሚል ነው። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ሆኖም በይፋት ቆላ ሁኔታ ሲመረመር፣ ሥጋቱን የሚያገዝፈውም የሚያቀልለውም የማሰራጫው ዋት ሳይሆን አንቴናው የሚተከልበት ከፍታ ሆኖ ይገኛል። የፈቃድ ውሳኔም በዚሁ ላይ ሊመሠረት ይገባዋል።

አፋፉና ሜዳው

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደሴ መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ የሚነሳ መንገደኛ በ2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችውን ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማበር ይወጣል፤ ከዚያ በዋሻው አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርዳል። በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ጋቢ ለብሶ የተነሳው ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጥላ ፍለጋ ይጀምራል።

ይህ መልክዓ ምድር ለሬዲዮ ሞገድ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ያደርጋል። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ መካከለኛና እንደ አጭር ሞገድ መሬቱን ተከትሎ ወይም ከሰማይ ነጥሮ ርቆ የሚሄድ አይደለም፤ በአመዛኙ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይጓዛል። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ የተተከለ ማሰራጫ ከእርሱ የሚበልጠው የጣርማበር ሰንሰለት ከፊቱ ስለሚቆም፣ ከአፋፉ ሥር ባለው ቆላ ላይ ጥላ ያጠላበታል። በአንጻሩ በራሱ በአፋፉ ላይ የተተከለ ማሰራጫ እንደ ማማ ላይ ፋኖስ ነው፤ ከታች ያለውን ሜዳ ሁሉ ያለ ከልካይ ያያል። አንዱ ስፍራ ለቆላው የማይጠቅም፣ ሌላው ደግሞ ከሚገባው በላይ የሚደርስ ይሆናል ማለት ነው።

ከታች ያለው ሜዳ ደግሞ የአንድ አስተዳደር ግዛት አይደለም። ሸዋ ሮቢትን የሚያዋስነው የቀወት ወረዳ በምሥራቅ ከአፋር ክልል፣ በሰሜን ከኤፍራታና ግድም ወረዳ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ወረዳዎች ይከተላሉ፤ የአርጎባ ብሔረሰብ መኖሪያዎችም በዚሁ አፋፍና ቆላ ተሰባጥረው ይገኛሉ። በአንድ የሰንበቴ ገበያ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። ከመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት ጀምሮ ከደጋው ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወርደው የንግድ መንገድ በዚሁ ምድር ያልፍ ስለነበር፣ ይህ ቅይጥነት የትናንት ክስተት አይደለም። የማሾና የሽንኩርት ዋጋ፣ የከብት ክትባት ቀን፣ የመስኖ ውኃ ተራ ለሁሉም እኩል ጉዳይ ነው፤ ዜናውን የሚሰሙበት ቋንቋ ግን ይለያያል። ሞገድም የወረዳ ድንበር አያውቅም። ለአንዱ አስተዳደር ተብሎ የተተከለ ጣቢያ በሌላው አስተዳደር መሬት ላይ መሰማቱ አይቀርም።

ሞገድ የሚጠላለፈው እንዴት ነው?

ለኤፍ ኤም ስርጭት የተመደበው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለው ክልል ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1984 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ ባጸደቀው ስምምነት ይህ ክልል አፍሪካንና አውሮፓን ጨምሮ በሰፊው ቀጣና የሚመራበት ዕቅድ ወጥቶለታል። የጠቅላላው ስፋት 20.5 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ነው። በአንድ አካባቢ ያሉ ጣቢያዎች ቢያንስ በ400 ኪሎ ኸርዝ ይራራቁ ቢባል ከ50 ጥቂት የሚበልጡ ስፍራዎች ይገኛሉ። የአዲስ አበባ አድማጭ ከ96.3 ወደ 97.1፣ ከዚያ ወደ 97.6፣ ቀጥሎም ወደ 98.1 የሬዲዮውን ቁልፍ ሲያዞር የቦታው ጥበት ምን ያህል እንደሆነ ሳያውቀው ይለካዋል። በይፋት ቆላ ያለው ሁኔታ ከዚህ የራቀ ነው፤ በዚያ የሚያሳስበው የመደዳው መጨናነቅ ሳይሆን ከሩቅ የሚመጣውና ወደ ሩቅ የሚሄደው ሞገድ ነው።

መጠላለፉ በመጠን የሚለካ ነው። የኅብረቱ ምክረ ሐሳብ በገጠር የሚሰማ የስቴሪዮ ስርጭት ተቀባይነት ያለው ጥራት እንዲኖረው የሞገዱ ጥንካሬ፣ ከአንድ ማይክሮ ቮልት በሜትር አንጻር ሲለካ፣ 54 ዴሲቤል ሊደርስ እንደሚገባው ያስቀምጣል። በከተማ 66፣ በትልልቅ ከተሞች ደግሞ 74 ነው። በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለማቋረጥ የሚገባ ሌላ ሞገድ ካለ፣ የሚፈለገው ሞገድ በ45 ዴሲቤል ሊበልጠው ይገባል፤ ይህም በሞገዱ ጥንካሬ ከ170 ጊዜ በላይ ማለት ነው። በ200 ኪሎ ኸርዝ ከተራራቁ የሚጠየቀው ልዩነት ወደ 7 ዴሲቤል ይወርዳል። በ400 ኪሎ ኸርዝ ሲራራቁ ግን ጎረቤቱ በ20 ዴሲቤል ቢበልጥ እንኳ ስርጭቱ ሳይበላሽ ሊሰማ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መያዝ ይገባል፦ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ መገናኘት ከባድ ጉዳት ሲሆን፣ በመጠኑ ተራርቆ ጎን ለጎን መቀመጥ ግን በአብዛኛው ጉዳት የለውም።

አሁን ወደ አፋፉ እንመለስ። ከአንቴናው የሚወጣው ኃይል 100 ዋት የሆነ ጣቢያ በሜዳ ላይ፣ በ30 ሜትር ማማ ቢተከል፣ በ60 ዴሲቤል ጥንካሬ የሚሸፍነው ራዲየስ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በአሜሪካ ለአነስተኛ ኃይል ጣቢያዎች የሚሠራበት መለኪያ ሲሆን፣ ለአንዲት ከተማና በዙሪያዋ ላሉ ቀበሌዎች የሚበቃ ነው። ያው 100 ዋት፣ ያው አንቴና ከጣርማበር አፋፍ ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ ቆላው ቢያዞር ግን፣ መካከል ላይ የሚጋርደው እስከሌለ ድረስ፣ በነጻ ስርጭት ስሌት ያንኑ 60 ዴሲቤል እስከ 70 ኪሎ ሜትር ያደርሳል። ርቀቱ ከአሥራ ሁለት ጊዜ በላይ ሆነ ማለት ነው። ለገጠር የተቀመጠውን 54 ዴሲቤል ከወሰድን ደግሞ ስሌቱ ወደ 140 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ1,700 ሜትር የከፍታ ልዩነት የሬዲዮው አድማስ ራሱ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በተጨባጭ ኮረብታው፣ ዛፉና ቤቱ ከዚህ ላይ የሚቀንሱት ይኖራል፤ ቢሆንም የነገሩ አቅጣጫ አይለወጥም።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአፋፉ ላይ ያለ የ100 ዋት ጣቢያ ለአንዲት ከተማ ተብሎ ፈቃድ ቢሰጠው፣ የያዘውን ፍሪኩዌንሲ ከፊቱ ባለው ቆላ ሁሉ ለሌላ ጣቢያ የማይበጅ ያደርገዋል። የአጣዬም፣ የሰንበቴም፣ የአፋር አዋሳኝ ወረዳዎችም የማኅበረሰብ ጣቢያ በዚያ ሞገድ ሊሠራ አይችልም። በወረቀት ላይ «አነስተኛ ኃይል» የተባለው ጣቢያ በተግባር የክልል ጣቢያ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በአንጻሩ በአፋፉ ላይ የሚተከል ጣቢያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥተኛ ርቀት ላይ ያለችውን ሸዋ ሮቢትን ለመድረስ ብቻ ከሆነ፣ ያልተጋረደ መስመር ካገኘ፣ በስሌት 10 ዋት እንኳ ለገጠሩ መለኪያ ይበቃዋል። እንዲህ ሆኖ ሳለ በማመልከቻ ቅጽ ላይ የዋት ቁጥርን ብቻ ጠይቆ የማማውን ከፍታና የመሬቱን ከፍታ በሁለተኛ ደረጃ ማስቀመጥ ጉዳዩን ከጭራው እንደ መያዝ ይቆጠራል።

ስለሆነም ለይፋት ቆላ የሚበጀው ጣቢያውን ሜዳው ላይ፣ በሚያገለግለው ሕዝብ መካከል መትከል ነው። በሜዳው ላይ ሲሆን በስተምዕራብ የቆመው አፋፍ ራሱ የተፈጥሮ አጥር ይሆናል፤ ሞገዱ ወደ ደጋው ወጥቶ በዚያ ያሉትን ስርጭቶች እንዳይነካ ይከላከላል። ደጋው ላይ ለሚሠሩ ነባር ጣቢያዎች ከዚህ የተሻለ ዋስትና ማግኘት ያዳግታል። ተራራው ለቆላው ሕዝብ የሬዲዮ ጥላ የሆነበትን ያህል፣ ለአነስተኛ ጣቢያ ደግሞ መከለያ ሆኖ ያገለግላል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይነሳ ጉዳይ አለ። አንድ የማኅበረሰብ ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተላልፈው ንግግር ነው፤ ዜና፣ የገበያ ዋጋ፣ የጤና ትምህርት፣ የሽማግሌዎች ውይይት። ንግግርን በስቴሪዮ ማስተላለፍ ለአድማጩ የሚጨምርለት ነገር የለም። በሞኖ ሲሆን ለገጠር የሚጠየቀው የሞገድ ጥንካሬ ከ54 ወደ 48 ዴሲቤል፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚያስፈልገው መከላከያም ከ45 ወደ 36 ዴሲቤል ይወርዳል። ስለዚህ የሞኖ ጣቢያ ባነሰ ኃይል ያንኑ ሕዝብ ይደርሳል፤ በጎረቤቱም በቀላሉ አይረበሽም። የሙዚቃ ፍቅር ያላቸው ወጣት አዘጋጆች ይህን ሐሳብ ላይወዱት ይችላሉ፤ ለነዳጅና ለመብራት የሚከፍለው ቦርድ ግን ሊወደው ይገባል።

ስለ አየር በረራ የሚነሳው ሥጋት ደግሞ በልዩ ጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ከ108 ሜጋ ኸርዝ በላይ፣ እስከ 117.975 ድረስ ያለው ክልል ለአውሮፕላን አቅጣጫ መምሪያና ለማረፊያ መሣሪያዎች የተመደበ ነው። ሁለት የኤፍ ኤም ማሰራጫዎች በአንድ ማማ ላይ ወይም እጅግ ተቀራርበው ሲሠሩ፣ ተገቢው ማጣሪያ ከሌላቸው ያልታሰበ ሦስተኛ ሞገድ ሊወልዱ ይችላሉ። ለምሳሌ በ98 እና በ104 ሜጋ ኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ማሰራጫዎች የሚወልዱት አንዱ ሞገድ በ110 ሜጋ ኸርዝ ላይ ያርፋል፤ ይህም የማረፊያ መሣሪያዎች በሚሠሩበት መካከል ነው። አውሮፕላን ከፍ ብሎ ስለሚበር ምንም የሚጋርደው የለም፤ መሬት ላይ ማንም የማይሰማውን ደካማ ሞገድ እርሱ ሊቀበል ይችላል። ማጣሪያ መግጠም፣ ከስርጭት በፊትም ማስለካት የግድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በብዙ ቦታዎች በተጨባጭ የሚያስቸግረው ግን የፈቃዱ ብዛት ሳይሆን የመሣሪያው ጥራት ነው። ማጣሪያ የሌለው ርካሽ ማሰራጫ ከተመደበለት ሞገድ በእጥፍ ላይ ሌላ ሞገድ ይለቃል፤ የኤፍ ኤም ክልል እጥፍ ደግሞ ከ175 እስከ 216 ሜጋ ኸርዝ፣ ማለትም ለቴሌቪዥን በተመደበው ክልል ውስጥ ነው። ድምፁ ጎልቶ እንዲሰማ በማለት ከተወሰነው የ75 ኪሎ ኸርዝ ስፋት በላይ የሚለጥጥ ባለሙያም ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። ሙቀት በሚበረታበት ቆላ ማቀዝቀዣው ሲደክም፣ ኤሌክትሪኩ ሲቆራረጥና ጄኔሬተሩ ሲነሳ መሣሪያው ከመስመሩ ሊወጣ ይችላል። የዓይነት ማረጋገጫ ያላገኘ መሣሪያ እንዳይገባ መቆጣጠርና ለጣቢያው ቢያንስ አንድ የሠለጠነ ቴክኒሻን እንዲኖር መጠየቅ፣ ፈቃድን ከማዘግየት ይልቅ የሞገዱን ሰላም ያስጠብቃል።

ከውጭ የሚቀሰም ልምድ

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ልምድ ሊታይ የሚገባው ነው። የሀገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በጥር 2000 እ.ኤ.አ. እስከ 100 ዋት ለሚደርሱ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ጣቢያዎች አዲስ የፈቃድ ዘርፍ ከፈተ። ነባሮቹ ባለ ጣቢያዎች ሞገዳችን ይረበሻል በማለት አቤት ስላሉ ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጥብቅ የርቀት ገደብ ጣለ፤ አነስተኛ ጣቢያ ከነባሩ እስከ ሦስተኛው ጎረቤት ፍሪኩዌንሲ ድረስ እንዳይጠጋ ከለከለ። አብሮም ገለልተኛ ጥናት እንዲካሄድ አዘዘ። ማይተር የተባለው ተቋም ልኬቱን አካሂዶ በ2003 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ውጤት ከሦስተኛው ጎረቤት የሚመጣው ጉዳት ይህ ነው የማይባል መሆኑን አሳየ። እንዲያም ሆኖ ገደቡ በሕግ የተነሳው በጥር 2011 እ.ኤ.አ. ነበር። ልኬቱ ከተገኘ በኋላ እንኳ ሰባት ዓመት ያህል አለፈ። ህንድም በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መመሪያ የማኅበረሰብ ጣቢያዎችን ኃይል በ100 ዋት፣ የማማቸውን ከፍታ ደግሞ በ30 ሜትር ወስናለች። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ልብ ይሏል።

ከአሜሪካው ታሪክ የሚወሰደው ነባር ጣቢያዎች ሥጋታቸውን ማቅረባቸው ስሕተት ነበር የሚል አይደለም። ሥጋት በልኬት ሊፈተን ይችላል፤ ተፈትኖ ካልተረጋገጠም ለፈቃድ መከልከያ ሆኖ መቀጠል የለበትም የሚል ነው።

ሕጉና ተቋማቱ

በሀገራችን የብሮድካስት አገልግሎት ፈቃድን በሕግ ማዕቀፍ ያስገባው አዋጅ ቁጥር 178/1991 ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 533/1999 የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሮድካስትን በሦስት ዘርፍ ለይቷል። የማኅበረሰብ ብሮድካስት በዚህ አዋጅ በተወሰነ አካባቢ የሚኖር ወይም የጋራ ፍላጎት ያለው ኅብረተሰብ ፈቅዶ የሚያካሂደው፣ ለትርፍ ያልቆመ አገልግሎት ነው። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን ሲያቋቁም ይህንኑ ዘርፍ ይዞ ቀጥሏል። የሀገሪቱን አጠቃላይ የሬዲዮ ሞገድ ሀብት የማስተዳደር ኃላፊነት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። አመልካቹ ማኅበረሰብ ለአንድ ጣቢያ ሁለት ተቋማትን ማሰብ ይኖርበታል ማለት ነው። አዋጆቹ ጣቢያዎችን በዋነኛነት የሚከፍሉት በባለቤትነትና በዓላማ እንጂ በከፍታና በዋት ባለመሆኑ፣ ከላይ የተዘረዘሩት ቴክኒካዊ ጉዳዮች የሚወሰኑት በመመሪያና በፈቃድ ውል ደረጃ ነው። ይህ ድክመት አይደለም፤ እንደየመልክዓ ምድሩ ለመወሰን ስፍራ ይሰጣል። ነገር ግን ስፍራው በአግባቡ ካልተሞላ ለሜዳም ለአፋፍም አንድ ዓይነት ቅጽ ይሠራበታል።

እዚህ ላይ በግልጽ ሊነገር የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ። ግጭት በደረሰበት አካባቢ የአንድ ወገን ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ጣቢያ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ሩዋንዳ በ1994 እ.ኤ.አ. ካየችው በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው፤ ግን የሞገድ ሥጋት አይደለም። ሁለቱን አደባልቆ የይዘት ሥጋትን በቴክኒክ ምክንያት መሸፈን ለማንም አይበጅም፤ አመልካቹም ምን ቢያስተካክል እንደሚፈቀድለት አያውቅም፣ ተቆጣጣሪውም የሚለካው ነገር ያጣል። ለይዘት የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። በይፋት ሁኔታ ደግሞ ከሕጉ በፊት የሚሠራ መከላከያ ሊበጅ ይችላል፤ የጣቢያው ቦርድ የአማራ፣ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአፋር ነዋሪዎችን ያካተተ፣ የአየር ሰዓቱም በየቋንቋው የተከፋፈለ እንዲሆን በፈቃዱ ውል ማስፈር ነው። ሞገዱ ሁሉም ጋር የሚደርስ ከሆነ፣ ማይክሮፎኑም ሁሉም ጋር ሊደርስ ይገባል።

የገንዘቡ ጉዳይ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ማሰራጫውን በእርዳታ ማግኘት ይቻላል፤ ለዓመታት መብራት መክፈልና መለዋወጫ መግዛት ግን የማኅበረሰቡ ሸክም ነው። አነስ ያለ ኃይልና የሞኖ ስርጭት እዚህም ላይ ጥቅም አላቸው።

ከዚህ ሁሉ በመነሳት አንድ ተግባራዊ ቅደም ተከተል ማሰብ ይቻላል። በቅድሚያ ሁለቱ ባለሥልጣናት ለቆላው ጥቂት ፍሪኩዌንሲዎችን በአንድ ላይ ለይተው ቢያስቀምጡ፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ሰንበቴ ቢያንስ በ400 ኪሎ ኸርዝ ተራርቀው የሚስተናገዱበት ድልድል አስቀድሞ ይታወቃል፤ ቀድሞ ያመለከተው ሰፊውን ስፍራ የሚይዝበት ሁኔታም ይቀራል። ድልድሉ የአፋር ክልል አዋሳኝ ወረዳዎችን ድርሻ ከመነሻው ሊያካትት ይገባል፤ ዛሬ ያላመለከተ ማኅበረሰብ ነገ ሲመጣ ሞገዱ አልቋል ሊባል አይገባውምና። ቀጥሎ ፈቃዱ የአንቴናውን ከፍታ ከባሕር ጠለል አንጻር፣ የሚወጣውን ኃይል፣ የአንቴናውን አቅጣጫና የሞገዱን ጥንካሬ የላይኛ ወሰን በቁጥር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ለአጭር ጊዜ የሙከራ ስርጭት ይፈቀዳል።

የሙከራው ልኬት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የመለኪያ መሣሪያ የያዘ አንድ መኪና፣ ሁለት ባለሙያዎችና ጥቂት ቀናት ይበቃሉ። ልኬቱ በሸዋ ሮቢት መናኸሪያ፣ በጀውሃና በሮቢ ወንዞች ዳር፣ ከዚያም በአጣዬ፣ በሰንበቴና በአፋር አዋሳኝ ቀበሌዎች ቢወሰድ የሜዳው ሽፋን ይታወቃል። ወደ ላይ ሲመለሱ በደብረ ሲና፣ በጣርማበር ዋሻ አፍና በደብረ ብርሃን ደግሞ ነባሮቹ ስርጭቶች መነካት አለመነካታቸው ይረጋገጣል። በየስፍራው ከመሣሪያው ንባብ ጎን ለጎን፣ ሰው እጅ ላይ ባለው ተራ ሬዲዮና ሞባይል ስልክ ምን እንደሚሰማም መመዝገብ ይኖርበታል።